ዝም ያልኩ ዕለት

ሚያዝያ 4 ቀን 1964
ከመርከቡ ማዳበሪያ ስናራግፍ ዋልን። ሙቀቱ ለጉድ ነው። ካቦው፣ የቡድናችን አለቃ ደስታው፣ ውሃ ሊጠጡ የወጡትን ሁለት ሰዎች በእናታቸው ሰደባቸው። ለኔም ተረፈኝ። ደሜ ፈላ... ዝም አልኩ። አምና በቀልዱ ተቆጥቼ የሥራ ባልደረባዬን የገሠሠን ጥርስ ካወለቅኩ ወዲህ፣ ሚስቴ አመለወርቅ ዳግም ሰው እንዳልመታ በልጃችን አስምላኛለች። ስናደድ በልቤ ከወደቡ ተነስቼ፣ የመንገዱን ከተሞች እየቆጠርኩ ወደ ደሴ እጓዛለሁ። ቡሬ፣ ማንዳ፣ ኤሊዳር፣ ሰርዶ፣ ሚሌ... ዛሬ ሚሌ ሳልደርስ በረደልኝ።

ሚያዝያ 19
ገሠሠ ራሱ ቀድሞ ሰላም አለኝ። ሰው ሆንክ አለኝ። ደስ አለኝ? አዎ፣ ትንሽ።

ግንቦት 2
ደስታው ያለ ጥፋቴ ጮኸብኝ። በልቤ ባቲ ድረስ ሄድኩ።

ግንቦት 11
እንደምንም ልጻፈው።
ጠዋት ለክሬኑ ምልክት ልሰጥ ስቆም የብረት ገመዱን አየሁት። ክሮቹ ተበጣጥሰው እንደ እሾህ ቆመዋል። ለደስታው ነገርኩት፤ ሥራው ይቁም አልኩ። መርከቡ ዛሬ መውጣት አለበት አለ። ደገምኩለት። ሰው ሁሉ እየሰማ፣
"ሚስት የለጎመችህ በቅሎ! ወደ ቦታህ!" አለኝ።
ሳቁብኝ። ጀርባዬን ሰጥቼ ባሕሩን እያየሁ ቆምኩ። ቡሬ፣ ማንዳ... ደሴ ስገባ ልቤ ረጋ። ተመልሼ እጄን አነሳሁ። ለክሬኑ ምልክቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።
ሦስተኛው ጭነት ላይ ገመዱ ተበጠሰ። ከሥሩ ሽኩር ነበር። ከወሎ አብሮኝ የመጣው ሽኩር፣ ጎረቤቴ... ጭነቱ ግራ እግሩ ላይ ወደቀ።

ግንቦት 14
ሆስፒታል ሄድኩ። ከጉልበቱ በላይ ቆርጠውታል። ገመዱን ቀድሜ ማየቴን ነገርኩት።
"በገሠሠ ቀልድ ተቆጥተህ ጥርሱን አወለቅክ" አለኝ። "ለኔ እግር ግን ታገስክ።"


ግንቦት 20
አመለወርቅ ቃልህን ነው የጠበቅከው፣ ምን አጠፋህ ትላለች። ቃሌን... ቁጣና ቡጢ አንድ ናቸው ያለኝ ማነው? ሳልማታ መጮኽ አልችልም ነበር? ለክሬኑ እጄን አለማንሳት ብቻ ይበቃ ነበር።

ግንቦት 27
ቢሮ ጠሩን። ደስታው ገመዱ ደህና ነበር፣ ሽኩር ነው ያለ ቦታው የቆመው ብሎ ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ ያየሁትንም፣ የነገርኩትንም፣ እንዳልሰማኝም አስረዳሁ። ምልክቱን ግን እኔ ሰጠሁ አልኩ። የጻፉት የመጨረሻዋን ቃሌን ብቻ ነው።

ሰኔ 6
ከሥራ አሰናበቱኝ። ደስታው እዚያው አለ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ እንዳልደባደብ ፈርተው ሁለት ዘበኛ በር ላይ አቁመው ነበር። ፈርሜ ወጣሁ።

ሰኔ 23
ሽኩር ቤቱ ገብቷል። በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ አሁን ሳህን ይወረውራል፣ ከግድግዳው ጋር ይጣላል። ዛሬ ሚስቱ ሳልሀ ግቢ ውስጥ ያዘችኝ። ዓይኗ አብጧል፣ ከለቅሶ ብዛት።
"ወንድሜ ጉግሳ፣ አንተ ቁጣህን እንዴት ነው የተውከው? እባክህ እሱንም ምከርልኝ።"

"ተዪው፣ ይጩህ" አልኳት።
ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እኔን መስደብ ጀመረ። እስኪደክመው ሰማሁት።