ሁለት ጊዜ የጠራው ስልክ

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
የካቲት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአበልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? የአንገትሽ ሕመም ተሻለሽ? እኔና የክርስትና ልጅሽ ሚጣ በጤናችን በኩል እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት መንገድ ተሻግሬ በርሽን ማንኳኳት ስችል ደብዳቤ መጻፌ ይገርምሽ ይሆናል። ፊትሽን ካየሁ እለሳለሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።

ምርጫው ያመጣው ሰልፍ ከጀመረ ወዲህ ያየሁትን አንቺም ታውቂያለሽ። የምሳፈርበት ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ መሃል ከተማ ሲደርስ የአስለቃሹን ጋዝ ጭስ አይቶ ያራግፈናል፤ ከዚያ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ዓይኔ እየነደደ፣ ሁርሊንግሃም እስካለው መሥሪያ ቤቴ በእግሬ ነው። አርፍጄ አርፍጄ አለቃዬ ፊቱን አጠቆረብኝ። ያኔ ነው መላ ያመጣሽልኝ። በመኪናሽ ቀድመሽ ከተማውን ታልፊና ትደውያለሽ፤ እኔ አላነሳም። አንድ ጊዜ ጠርቶ ከተቋረጠ መንገዱ ሰላም ነው፤ ሁለት ጊዜ ከጠራ ከቤት አልወጣም። ሬዲዮውን ትቼ ያንቺን ጥሪ አመንኩ። ክርስትና እናት ትዋሻለች ብሎ ማን ያስባል?

ያቺ ማክሰኞ ለቋሚው ሥራ የምፈተንባት ቀን ነበረች። ቦታው መውጣቱን የነገርኩሽ እኔው ነኝ። ካላገኘሁት የሥራ ፈቃዴ እንደማይታደስ፣ ሚጣን ከትምህርት ቤቷ አውጥቼ ይዣት ወደ አገር ቤት እንደምመለስ፣ ካንቺ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ቀሚሴን ተኩሼ፣ ለብሼ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠራ። እግዜር ይስጣት ብዬ መረቅኩሽ። በሩን ቆልፌ፣ መጋረጃውን ዘግቼ፣ ልጄን አቅፌ ዋልኩ።

በማግስቱ አብሮኝ የሚሠራው ዓምደሚካኤል ምን ነካሽ አለኝ። ትናንት ከተማው ሰላም ነበር፣ ማታቱም እንደልብ ነበር፣ ካንቺ በቀር ተፈታኞቹ በሙሉ መጥተዋል አለ። እህትሽ ሠርክም እንዳመለከተች የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከሁሉ ቀድማ መድረሷንና መኪና እንዳደረሳት ነገረኝ። የማን መኪና እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ምናልባት ጣቷ ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደግሞ ቅዳሜን ጠበቅኩ። ቤቴ መጥተሽ ምሳ በላሽ። ስለ ሰልፉ አወራሽ፣ ስለ ነዳጅ መጥፋት አወራሽ፤ ፈተናው እንዴት ሆነ ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም። ያን ቀን ጣትሽ እንዳልተሳሳተ አወቅኩ። እህቴም አመልክታለች ብትይኝ ኖሮ እኮ አብረን በመኪናሽ እንሄድ ነበር።

አርብ ጠዋት እንበራለን። ለሚጣ ምንም አልነገርኳትም። ስትጸልይ አሁንም ከኔ ቀጥላ አንቺን ታነሳለች፤ ተይ ልላት አፌ አልከፈት አለኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ክርስትና እናቴ ትሸኘኛለች እያለች ነው። ነይና ሳሚያት። እኔን ሰላም አትበይኝ።

እግዚአብሔር ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለሠርክም አዲሱን ሥራ የሰላም ያድርግላት።

የሚጣ እናት