ለቀራጭ የተሳለ ጃንጥላ

ለክቡር የጥንታዊ መንገዶችና ፍርስራሾች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ዳይሬክተር
ሮም

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ በተለይ ጉልበትዎ ደኅና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ እርስዎ በሚጠብቁት የድንጋይ መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው ሁሉ ጉልበት ምን ያህል የእግዜር ስጦታ እንደሆነ ይገባዋልና፣ እርስዎም አንድ ቀን ከመኪናዎ ወርደው ይሄዱበታል የሚለውን ተስፋ አልቆረጥኩም። ስሜ ቅሳነት ነው፤ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሲኞራ እየተንከባከብኩ እኖራለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዕረፍቴ ስለሆነ ከአገሬ ልጆች ጋር ከከተማ ወጣ ብለን በመቃብሮቹና በፍርስራሾቹ መካከል በእግር እንዞራለን። በአማርኛ በመጻፌ አይቀየሙኝ፤ በጣልያንኛ የላክኋቸው ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ ሳይነበብ ለሚቀር ነገር በሰው ቋንቋ መቸገር አልፈለግሁም።

ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ። በቁጥር ያልተቀመጠ አቤቱታ እዚህ አገር አቤቱታ እንዳልሆነ ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቴ ነው፣ ሳሳድስ ተምሬአለሁ።

አንደኛ፦ ጽሕፈት ቤትዎ ያሳተመው ካርታ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይናገራሉ ይላል። ይናገሩ ይሆናል፤ የሚናገሩት ግን በላቲን ነው። ከጥንቱ የድንጋይ የውኃ ቦይ አለፍ ብሎ ካለው ክብ ግንብ ፊት ሁለት የብረት ምሰሶዎች ለዓመታት ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሊሰቀል የታሰበው ሰሌዳ ግን የለም። ስለ ምሰሶዎቹ ቀለም ምስጋናዬ የላቀ ነው። መንካት ክልክል ነው የሚለው ማስጠንቀቂያም በአራት ቋንቋ በቦታው አለ፤ የማይነካው ነገር ምን እንደሆነ ብቻ ነው ያልተጻፈው።

ሁለተኛ፦ ሰሌዳ በሌለበት ሰው የሚያውቀውን ያነባል። ግንቡ ክብ ነው፤ ዙሪያውን ጥድ የሚመስል ዛፍ ከቦታል፤ በሩም ወደ ምሥራቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ያየ የአገሬ ሰው ማንንም አይጠይቅም፣ ጫማውን ያወልቃል። እኔም አወለቅሁ፤ ደጁንም ተሳለምኩ። እዚህ ያረፈ የሮም ሰማዕት መሆን አለበት ብዬ በገዛ ሥልጣኔ ወሰንኩና ከደጃፉ ጥቂት አፈር ቆንጥሬ በመሐረቤ ቋጠርኩ። እምነት መሆኑ ነው።

ሦስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ተጀምሮ ወደ እኔ ይዞራል። እትዬ ዘርፈሽዋል የሚባሉ እናታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሮምን ወለል ተንበርክከው ሲወለውሉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ጉልበታቸው አብሮ ወጣ። ቅዳሴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ማስቀደስ ያሳፍራቸው ነበር። አፈሩን ሰጠኋቸው፤ የሰማዕት መቃብር ነው አልኳቸው። ይመስለኛል የምትለዋን ቃል ዋጥኳት። ጉልበታቸውን ተቀቡት፤ ከዚያም በፍልሰታ ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆመው አስቀደሱ። እልል ሲሉ እኔም አብሬ እልል አልኩ።

አራተኛ፦ ያ ደስታ ሳይበርድ፣ ቱሪስት የሚያስጎበኝ አንድ ጣልያን ከግንቡ ፊት ቆሞ ሲያስረዳ ሰማሁት። ለካ የሰማዕት አይደለም፤ የክርስቶስን ስም ሳይሰማ የሞተ፣ ጣዖት የሚያመልክ የአንድ ባለጸጋ ቀራጭ መቃብር ነው። ማቴዎስም ቀራጭ ነበር ብዬ ራሴን ላጽናና ሞከርኩ። ማቴዎስ ግን ሲጠሩት ተነሥቶ ሄደ፤ ይኼኛው እንደተኛ ነው።

ለእትዬ ልነግራቸው ቤታቸው ስሄድ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ጃንጥላ አልጋቸው ላይ ተዘርግቶ አገኘሁ። ጉልበቴን ከመለሰልኝ በእግሬ ሄጄ አስገባለሁ ብለው የተሳሉት ነው፤ ከአዲስ አበባ በሰው አስመጥተውታል። የመጣሁበትን ረሳሁ አልኩና ተመለስኩ። በእምነታቸው የኖሩ ሴት ለጣዖት አምላኪ ደጅ ሊሰግዱ ነው፤ ወሳጃቸውም እኔ ነኝ። ብናገር ጉልበታቸውን መልሼ የምወስድባቸው ይመስለኛል፤ ዝም ስል ደግሞ ሲመርቁኝ ፊታቸውን ማየት ያቅተኛል።

ስለዚህ ልመናዬ ትንሽ ናት። ዘበኛዎ ሰሌዳው በቅርቡ ይሰቀላል ብሎኛል። ክቡር ሆይ፣ እባክዎ አይፍጠኑ፤ ለዓመታት ያሳዩንን ትዕግሥት እኛ መጥተን እስክንመለስ ለአንድ ሐሙስ ብቻ ያራዝሙልኝ።

ለሞቱት ሰዎች በር የብረት ምሰሶ፣ ለሕያዋኑ ዝምታን ስለሚያድሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣
በፍርስራሾችዎ መካከል ያለ መሪ የምትዞረው፣
ቅሳነት ተወልደብርሃን

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ከቦርሳዬ ሳይወጣ ሐሙስ ደረሰና ሰሌዳው ተሰቅሎ አገኘነው። በዕድሜዎ አንድ ጊዜ ፈጠኑ፤ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ ጃንጥላውን እንዳቀፉ ምን ይላል አሉኝ። ቀራጭ ነበር ይላል አልኳቸው። እንደ ማቴዎስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። የቀረውን መስመር አላነበብኩላቸውም። ጃንጥላው በሩ ላይ ነው፤ ዘበኛዎ ቆሻሻ መስሎት እንዳይጥለው አደራ።

እንግዲህ በአማርኛ የጻፍኩበትን እውነተኛ ምክንያት ልንገርዎ። እትዬ ጣልያንኛ አያነቡም፤ አማርኛ ግን መነጽራቸውን ካደረጉ አንዲት ፊደል አታመልጣቸውም። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የመጀመሪያውን ግልባጭ በእጃቸው እሰጣቸዋለሁ፤ ሁለተኛው ግልባጭ የአገሬ ልጆች በሚሰበሰቡበት ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ካለው የስልክ ሱቅ በር ላይ የሚለጠፈው እሳቸው ከፈቀዱ ብቻ ነው። በሰሌዳው ምክንያት በእርስዎ ስሳለቅ ከረምኩ፤ እኔ ግን ሰሌዳው ፊት ቆሜ ማንበብ እየቻልኩ የቀረውን መስመር ደበቅሁ።

እትዬ፣ እዚህ ድረስ ቆመው ካነበቡ ጉልበትዎ ድኗል ማለት ነው። ይቅር ይበሉኝ።