ገብጋባ ሁኚልኝ

ለእትዬ ቆንጅት፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለው? ናይሮቢ ብርዱ እንዴት ነው? ባለቤትሽ ኃይለኢየሱስ፣ ልጅሽ ሉሊት ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ቆመን እንሄዳለን። ያልደወልኩልሽ ባለቤቴ ትጊ እንዳትሰማ ነው። ይህንም የምጽፈው ትምህርት ቤት፣ ፈተና የማርም መስዬ ነው።

ትጊ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የእንግዴ ልጁ የማኅፀኗን በር ዘግቶ ተቀምጧል፤ መድማት ከጀመረች ጊዜ አይሰጥም፣ ሐዋሳ ልትላክም ትችላለችና ገንዘብ ይዛችሁ ጠብቁ ብሎኛል ሐኪሙ። ለዚሁ ያጠራቀምኳት አለች። እሷ ግን ሰው አፍ ውስጥ እንዳትከተኝ ብላ በማርያም አስምላኛለች። ከወንበር በተነሳች ቁጥር ወንበሩን አያለሁ።

የእማዬ ሙት ዓመት ደግሞ የካቲት ዘጠኝ ነው። የዕድራችን ዳኛ ጋሽ መልከጼዴቅ አሁን የቁጠባ ማኅበሩንም ይመራሉ። ባለፈው እሑድ ድግስ አጠፋን፣ ቆጥቡ እያሉ አንድ ሰዓት ሙሉ መከሩን፤ አጨበጨብን። ስንወጣ በር ላይ ክንዴን ያዙና፣ አንተ ልጅ፣ በሬው ተገዛ ወይ? የስንቱን ሐዘንተኛ ያበላች ሴት በንፍሮ ልትታለፍ ነው? አሉኝ። ቁጠባውስ ብላቸው፣ እሱ ለሕያዋን ነው አሉ።

ጎረቤታችን ይርጋ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ተዝካር አያውቅም፤ እሱ ይሻለኛል ብዬ ሄድኩ። ገንዘብህን ያዝ፣ የሰው ወሬ አትስማ ብሎ መከረኝና የልጁን የሮሆቦትን የሠርግ መጥሪያ ካርድ ሰጠኝ።

ጥፋቴ እነሆ፦ ያን እሑድ በር ላይ ክንዴን እንደያዙኝ ጨንቆኝ፣ ተዝካሩን የከለከለችኝ እኅቴ ናት አልኩ። ጋሽ መልከጼዴቅ ሳቁብኝ። የቆንጅትን ቸር እጅ አውቃለሁ፤ በራሷ ጽሕፈት ካላየሁ አላምንም አሉ። እስከ ወር መጨረሻ ወረቀቱ ካልመጣ ዕድሩ ድንኳን ተክሎ በሬውን በስሜ በዱቤ ሊገዛ ነው።

ስለዚህ እትዬ፣ ገብጋባ ሁኚልኝ። የእማዬን ሕክምና ብቻሽን የከፈልሽን ሴት ይህን መለመን ነውር መሆኑን አላጣሁትም። በሬ ቢታረድ ወንድሜ አይደለህም ብለሽ ጻፊልኝ። ስለ ትጊ አንዲት ቃል አታንሺ። ፊታቸው አንብቤ አንገቴን እደፋለሁ፤ መንደሩ አንቺን ያማል፣ ለእኔ ያዝናል። ለእማዬ ጸሎት አስደርጋለሁ፤ እሷ ትረዳኛለች። እኔ የምፈራው አንዱን ተዝካር አውጥቼ ሌላ እንዳይከተለኝ ነው።

ለኃይለኢየሱስ አክብሮቴን ንገሪልኝ፤ ሉሊትን ሳሚልኝ። ትጊ ሰላም ብላሻለች እንዳልልሽ፣ መጻፌን አታውቅም። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ሾፌሩ ሙሐመድኑር ነው፤ መልሱን በእጁ ስጪው። ሲመለስ የሞያሌ መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ።

ቁጣሽን የሚናፍቅ ወንድምሽ
ግዛቸው

ዲላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.