ያልተቃጠለው ዘይት

እሑድ፣ የካቲት 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ዛሬ የአባባን መኪና ዘይት ራሴ ልቀይር ብዬ ከሥሯ ገባሁ። የዘይት ማፍሰሻውን ታፖ ስፈታው፣ ጥቁር ዘይት ስጠብቅ፣ ማር የመሰለ ሳፋው ላይ ወረደ። አባባ ካረፈ ወዲህ እኔ አንድም ቀን ቀይሬ አላውቅም። ፊልትሮውን ባየው እሱም አዲስ ነው። ሳፋው ላይ አፍጥጬ ቀረሁ።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ የአጥራቸውን እንጨት ምስጥ እንዳይበላው ሊቀቡት፣ የተቃጠለ ዘይት ፈልገው ጀሪካን ይዘው መጡ። ሳፋውን አይተው ሳቁ።

«ምን ነካህ? ሐሙስ ወንድምህ ቀይሮት የለም እንዴ?»

«የቱ ወንድሜ?»

«ስንት ወንድም አለህ? ሥራ ሄደህ ነው የመጣው። ‹ቆይ፣ ይመጣል› ብለው እምቢ ብሎ ሄደ።»

ታዬ! ከአባባ አርባ ጀምሮ ቃል አልተለዋወጥንም። መኪናዋን እኔ ስወስድ «ትገድላታለህ» ነበር ያለኝ። ታዲያ ከሲግናል ሰፈር እዚህ ወሰን ሰፈር ድረስ የመጣው ለኔ አዝኖ ነው? ለመኪናዋ ነው? ወይስ «አታውቅበትም» ሊለኝ? እንጃ።

እትዬ ዘይነባን ሌላ ጊዜ አልኳቸው። የታዬን ዘይት በንጹሕ ጨርቅ አጥልዬ መልሼ ሞላሁት። እኔ የገዛሁት እንደታሸገ በሩ ሥር ተቀምጧል። የታዬ ታክሲም የምትጠቀመው ይህንኑ ዘይት ነው፤ እኔም እንደ እሱ ሳይታየኝ ሄጄ ብቀይርለት ደስ ባለኝ። ግን እሱ የአባባ መኪና ትርፍ ቁልፍ አለው፤ የእሱ ታክሲ ቁልፍ እኔ ጋ የለም።

የታዬን በር ማንኳኳት ሊኖርብኝ ነው።