ማድ ቤት የሌላቸው አሥራ ሁለት ቤቶች

ረቡዕ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1974
የአሥራ ሁለቱ ቤቶች ፕላን ዛሬ ማኅተም አረፈበት። ሦስት ሳምንት ጎብጬ የሣልኩት። ኃላፊያችን ጓድ ገብረእግዚአብሔር "ንጹሕ ሥራ ነው" አሉኝ። እሳቸው እንዲህ የሚሉት ለስንት ሰው ነው? ምሳ ሆቴል፣ እንደ ልማዴ። ወጡ ጨው በዝቶበታል።

እሑድ፣ ጥቅምት 15
ከሲቀላ ሰፈር ወጣ ብሎ ከተማው ለቤት ሠሪዎች ማኅበር በሰጠው መሬት ላይ ስብሰባ። ፕላኑን ዛፍ ላይ ሰቅዬ አስረዳሁ። ሳሎን፣ መኝታ፣ በጓሮ ሽንት ቤት... አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ዳልጮ፣ ሸማኔው፣ እጄን ጨበጡኝ።

ከዚያ ልክነሽ የምትባል ሙዝ ነጋዴ ወደ ወረቀቱ ቀረበች። ባሏ ሞቷል። ከአምስት ልጆች ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው የምትኖረው።

"የኔ ልጅ፣ ማድ ቤቱ የቱ ነው?"

ፈለግሁ። የራሴን ሥዕል... ጣቴ ሳሎን ገባ፣ መኝታ ቤት ገባ፣ ሽንት ቤት ደረሰ። የለም። በአሥራ ሁለቱም የለም።

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። ሦስት ዓመት ሆቴል የበላ ላጤ እሳት የት እንደሚነድ በምን ያውቃል? ሰበብ ነው። እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 16
ለኃላፊዬ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ማኅተም ያረፈበትን ፕላን ያለ ኮሚቴ መንካት አይቻልም፤ እሳቸው የሚመሩት ኮሚቴ ደግሞ የሚሰበሰበው ታኅሣሥ ነው። እስከ ኅዳር 1 መሠረት ካልተቆፈረ መሬቱ ለሌላ ማኅበር ያልፋል። "ሳሎን ውስጥ ያብስሉ" አሉና መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 18
ልክነሽና ጋሽ ዳልጮ ቢሮ መጡ። ስድብ ስጠብቅ ልክነሽ ገመድ እንዳለኝ ጠየቀች። አንዱን ቤት መሬቱ ላይ በልኩ እንድዘረጋላት ፈልጋለች። ኃላፊዬንም እሑድ ይዤ እንድመጣ። ምን ብዬ?

"ምሳ ተጋብዘዋል በላቸው" አለች።

እሑድ፣ ጥቅምት 22
ካስማ ቸከልን፣ ገመድ ዘረጋን። ጋሽ ዳልጮ ለሽመና ዕቃቸው ሳሎኑን በእርምጃ ለኩ... አንድ እግራቸው መኝታ ቤት ገባ።

ኃላፊዬ መጡ። ሳሎን መሐል በርጩማ ቀረበላቸው። ልክነሽ እዚያው ፊታቸው እርጥብ እንጨት አቀጣጥላ በቆሎና እንደ ጎመን የሚበላውን የሀለኮ ቅጠል ጣደች። የአባያ ሐይቅ ነፋስ ጢሱን ሁሉ ወደ እሳቸው... ዐይናቸው እንባ በእንባ ሆነ። ብድግ ብለው ገመዱን ሊሻገሩ እግራቸውን ሲያነሡ ጋሽ ዳልጮ በትሕትና ክንዳቸውን ያዙ።

"ጓድ፣ እሱ ግድግዳ ነው።"

ኃላፊዬ ገመዱን አዩ። ጋሽ ዳልጮን አዩ። ከዚያ ዞረው በበሩ ወጡ። ሳቄን በሳል ሸፈንኩት። አይተውኝ ይሆን?

ውጭ ቆመው እንባቸው ሲደርቅ፣ እንዲህ ባለ ጢስ ውስጥ ሰው እንዴት ይኖራል ብለው ጠየቁ። ልክነሽ አሁን ያለችበት ክፍል እንዲሁ እንደሆነ ነገረቻቸው።

"ትንሿ ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ትስላለች" አለች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። የእኔም ሳቅ ጠፋ።

ምሳውን ግን ጨርሰው በሉ። ውጭ ተቀምጠው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 24
ኮሚቴው በአስቸኳይ ተጠራ። ማድ ቤት በጓሮ፣ ጢስ መውጫ ያለው። ሳሎኑም በአንድ እርምጃ ረዘመ። አዲስ ማኅተም። ቃለ ጉባኤው "ጓድ ገብረእግዚአብሔር ባመነጩት ሐሳብ መሠረት" ይላል። ይበል።

ሰኞ፣ ጥቅምት 30
ቁፋሮ ተጀመረ፣ አንድ ቀን ሲቀረን። እኔም ዶማ ያዝኩ። መዳፌ ተላጠ። ልክነሽ የእኔን እጥፍ ቆፈረች።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 10
ሰዎቹ ቤታቸው ከገቡ ሁለት ሳምንት ሆነ። የልክነሽ ትንሿ ልጅ ሳሏ ቀለል ብሎላታል አሉ።

ዛሬ ሌላ ማኅበር ፕላን ፈልጎ መጣ። አሥራ ስምንት ቤት፣ እስከ ዓርብ። ድሮ ቢሆን ወዲያው እርሳስ እቀርጽ ነበር።

"መጀመሪያ አሁን የምትኖሩበትን ቤት አሳዩኝ" አልኳቸው።

እርስ በርስ ተያዩ። ኃላፊዬ ይቆጡኛል ብዬ ዞር ስል... ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ጋ ቆመው ይጠብቁኛል።