ቅቤ የማይጠጣው ድስትሽ

እማዬ፣ ስምሽን ጠርቼ የማልጠግብሽ፣

የመስቀል ማግስት ከተለየሽን ወዲህ ገናም ጥምቀትም አልፎ ሁዳዴ ተጋመሰ። አንኮበር እንደተውሽው ነው፤ ቤቱ ግን እንደተውሽው አይደለም። ጓዳ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ መደቡ ጥግ ካለው ብረት ድስትሽ ላይ ያርፋል። የምጽፍልሽም ስለ እሱ ነው፤ ብትሰሚ ትስቂብኝ ነበር።

አሊዩ አምባ ገበያ ወርደን የገዛሽበት ቀን አይረሳኝም። ነጋዴው መቀመጫው ድርብርብ ነው፣ በማይዝግ ብረት መሃል መዳብ ገብቶበታል እያለ በአላህ ሲምልልሽ፣ አንቺ መሐላውን ትተሽ ድስቶቹን አንድ በአንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጥሽና ጠርዛቸውን በጣትሽ ተጫንሽ። ሌሎቹ ተንገዳገዱ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ዳገቱን ስንመለስ አዝዬው ሳማርር፣ ድስት ካልከበደ ወጥ ያሳርራል እያልሽ አሾፍሽብኝ።

አባባ ግን አልወደዱትም። ቄስ ናቸውና የጾምና የፍስክ ድስት ለየብቻ እንደሆነ ነው የሚያውቁት። ሸክላ የጠጣውን ቅቤ መልሶ ይተፋል፣ ይኼም ያው ነው አሉ። አንቺ አልተከራከርሽም። ዶሮ የሠራሽበትን ድስት አጥበሽ፣ ንጹሕ ውሃ አፍልተሽ፣ ደጃፍ ብርሃን ላይ አቀረብሽላቸውና አንዲት የቅቤ ጠብታ እንዲፈልጉ ለመንሻቸው። አጡ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕም ፋሲካም ከአንድ ድስት በላን።

ባዶውን እሳት ላይ ጥደሽው አታውቂም፤ ጨውም ውሃው ሳይፈላ አታስገቢበትም ነበር። ካረረ ውሃ ሞልተሽ ታሳድሪዋለሽ እንጂ ሻካራ ነገር አታስነኪውም። የውጪውን ጥላሸት ተይው፣ የውስጡን ጠብቂ ትይኝ ነበር።

የአርባሽ ዕለት የማኅበርሽ ሴቶች ወጥ ሲሠሩ አሳረሩት። ከዚያ አንቺን ማክበራቸው ነውና ውስጥ ውጪውን በአሸዋ ፈተጉት። ሲያበራ አመጡልኝ፤ ውስጡ ግን ተጫጭሯል። እያለቀሱ የፈተጉትን ምን እላቸዋለሁ፤ አመስግኜ ተቀበልኩ። አባባ ጭረቱን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጾም ከዚህ ድስት የወጣ አይቀምሱም፤ የተዝካሩ ቅቤ ጭረቱ ውስጥ ገብቷል ይላሉ። በአዲስ ሸክላ ብሠራላቸውም ሰበብ አያጡም። በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ተመልሰው ቆሎ ይቆረጥሙና ይተኛሉ። ከስተዋል፣ እማዬ። ያለ መቋሚያቸው መቆም አቅቷቸዋል። እሳቸውንም ላጣ ነው ብዬ ፈራሁ።

ባለፈው ዓርብ ቢቸግረኝ አንቺ ያደረግሽውን አደረግሁ። ድስቱን አጥቤ፣ ውሃ አፍልቼ፣ ደጃፍ አቀረብኩላቸው። ጎንበስ ብለው ውሃውን ሲመለከቱ ብዙ ቆዩ። ቀና ሳይሉ «ምንም የለበትም። ከእሷም እንኳ ምንም አልቀረበትም» አሉና አለቀሱ። በቀብርሽ ቀን እንኳ እንባቸውን አላየሁም ነበር።

በዚያው ውሃ ሽሮ ሠራሁላቸው። ጥቂት ጎረሱና ጨው አነሰው አሉ። ያንቺንም እንዲህ ነበር የሚሉት። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳሉ፤ ሳይጨርሱ ይነሣሉ፤ እኔም አላስጨንቃቸውም።

ድስቱን እንዳስተማርሽኝ እይዘዋለሁ፤ ጭረቱን ግን የሚያጠፋው የለም። ያንቺን ሽታ ፍለጋ አፍንጫዬን አስጠግቼ ስንት ጊዜ አሸተትኩት መሰለሽ። አባባ እውነታቸውን ነው፤ ጥሩ ነው ብለሽ የመረጥሽው ብረት ምንም አያስቀርም። እኔ ግን እንደ ሸክላው ነኝ፣ እማዬ። የጠጣሁትን ቢያጥቡኝም አልለቅም።

ልጅሽ