ቶአካይ የቆፈረው ጉድጓድ

ይድረስ በመርከብ ላይ ላለኸው ወንድሜ ካውቱ፤ ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ? እኛ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

የምክር ቤቱ ሠራተኛ ቶአካይ ባሕሩን የሚተነብይ ሰው ሰራሽ አስተውሎት በስልኩ ይዞ ቤት ለቤት ይዞራል። እናታችንን "እማማ፣ ማዕበሉ እናንተ ጋ አይደርስም ብሏል" አላት።

"እሱ እግሩ ረጥቦ ያውቃል?" አለችው። ሳቀ።

ትናንት ግን ከደሴቱ መሃል ከሚስቱ ጋር አዲስ የባባይ ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘሁት። ባሕሩ ዳር እኛ አጠገብ ያለውን፣ ከአያቶቹ የወረሰውን ትቶ። ባባይ ደግሞ ጉድጓድ ውስጥ ተተክሎ ሥሩ እስኪበላ ለዓመታት የሚጠበቅ፣ የባሕር ውሃ ከገባበት የሚሞት ተክል መሆኑን ታውቃለህ።

"ምነው?" ስለው "አፈሩ ደክሞ ነው" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እንግዲህ ባሕሩ በሰላም ይመልስህ። በደጃችን ላለው ለአባታችን መቃብር የምትልከውን ሲሚንቶ ለጊዜው አቆየው። ለእናታችን እንዳትነግራት።

እህትህ ሮቲያ